«ዝም አለችኝ»

ልጄ የተወለደችው በ30 ሳምንቷ ነው፤ 1 ኪሎ ከ280 ግራም። በቅጡ ሳላያት ጠቅልለው ይዘዋት ሮጡ። ስደርስባት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ናት፤ አፍንጫዋ ላይ የተሰካው ቱቦ አየር እየገፋ ሳንባዋን ከፍቶ ይይዝላታል። በተነፈሰች ቁጥር ደረቷ ስርጉድ ይላል።

«ጌታ ሆይ፣ እኔ ቆሜ ባያትም ምንም አይገባኝም። አንተ እይልኝ» ብዬ ጸለይኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። በየቀኑ ያንኑ ደገምኩት።

መልሱን የጠበቅኩት ከሐኪሞቹ ነበር። ሲስተሮቹን እውነት ለመናገር እፈራቸው ነበር። በተለይ አንዷ ቁጡ ናት። ቀለበቴን አስወልቃ እስከ ክርኔ አስታጠበችኝ። አንድ ቀን ስልኬን ነካክቼ ሳልታጠብ ወደ ሳጥኑ ስጠጋ «እናት፣ እጅሽ!» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሰማ። አኮረፍኩ።

ካኮረፍኩ በኋላ ግን ልብ ብዬ አያት ጀመር። በየ3 ሰዓቱ ያለብኩትን ወተት 2 ሚሊ ሊትር በቱቦ ትሰጣታለች። የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳን አይሆንም። ዳይፐሯን ሳይቀር ትመዝናለች። አንድ ከሰዓት ማሽኑ ጮኸ፤ የልጄ ደረት ቀጥ ብሏል። እኔ ጮህኩ። እሷ እጇን በሳጥኑ መስኮት አስገብታ ውስጥ እግሯን በጣቷ ቸብ ቸብ አደረገችው። ልጄ ተነፈሰች።

«ረስታው ነው» አለችኝ።

መተንፈስ ይረሳል እንዴ? ለካ ይረሳል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎሉ ገና ስላልበሰለ ትንፋሹን አልፎ አልፎ ያቋርጣል።

በ9ኛው ሌሊት ይቺው ሲስተር ሳጥኑ ጋ መጥታ ቆመች። ማሽኑ ላይ የልብ ምቷም ኦክስጅኗም ደህና ነው። እሷ ግን አልሄደችም። እግሯን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዟል። በቱቦው ሳብ አድርጋ አየች፤ የቅድሙ ወተት ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነው። ቆዳዋም ዥጉርጉር ብሏል። ወዲያው ለሐኪሙ ደወለች። «ቁጥሯ ደህና ነው፤ ግን ዝም አለችኝ» ስትለው ሰማሁ።

ልጄ እኮ ድሮም ድምፅ የላትም። ያኛውን ዝምታ ከዚህኛው የለየችው እሷ ናት።

ደም ተወሰደ፣ አንቲባዮቲክ እዚያው ተጀመረ። ሲነጋ ልጄ ደክማ ኦክስጅን ተጨመረላት። ከ2 ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ «በጊዜ ተይዟል» አለኝ። እንዲህ ባሉ ጨቅላዎች ላይ ትኩሳት ላይኖር እንደሚችል፣ እንዲያውም ሰውነታቸው እንደሚቀዘቅዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ብሆን ብርድ ልብስ ደርቤላት እተኛ ነበር።

ምስክርነቴ ይቺው ናት። «አንተ እይልኝ» አልኩት፤ በዚያች ሌሊት በሲስተሯ ዓይን አየልኝ። ስሙ ይባረክ።

በእነዚያ ክፉ ቀናት ጸሎት ራሱ ጠፍቶብኝ ነበር። ሲስተሯ እጄን ይዛ በሳጥኑ መስኮት አስገባችው። አንዱን ራሷ ላይ፣ አንዱን እግሯ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አትደባብሻት፣ ትጨነቃለች። ዝም ብለሽ ያዣት» አለችኝ። ያዝኳት። በዚያ ሳምንት የጸለይኩት ጸሎት ያ ብቻ ነው።

ሲሻላት ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ፤ ቆዳ ለቆዳ፣ እንደ ካንጋሮ። ዘዴው በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ ማሞቂያ ሳጥን ስላነሰ የተጀመረ ነው ብላ አጫወተችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ መተንፈስ የምትረሳው እየቀነሰ መጣ።

በ44ኛው ቀን 1 ኪሎ ከ950 ግራም ሆና ወጣን። ልሰናበታት ስሄድ ሲስተሯ ሁለት እጇ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነበር። ልስማት ጎንበስ አልኩ።

«ታጠብሽ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።