ዕንቁጣጣሽ፣ ፍልሰታና የኤጂያን ደሴቶች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 ዓ.ም. የታመመ የሚድንበት፣ የተሰደደ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዓመት ይሁንልን።

ነሐሴን ድምፄ ጠፍቶባችሁ «ምነው? ደህና ነሽ ወይ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ደህና ነኝ። እኔና ባለቤቴ ግሪክ ነበርን፤ በኤጂያን ባሕር ላይ፣ ከቱርክ ጠረፍ ፊት ለፊት ተደርድረው ባሉት ዶዴካኒሳ በሚባሉ ደሴቶች፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በመርከብ እየተሻገርን። ቆስ፣ ካሊምኖስ፣ ሌሮስ፣ ፍጥሞ፣ መጨረሻ ላይ ሩድ (ሮድስ)። የላክሁላችሁን ፎቶ አይታችሁ ከሁለት አንዱን ጠይቃችሁኛል፦ «ሎተሪ ወጣላችሁ እንዴ?» ወይም «በፍልሰታ?!» ሎተሪ አልወጣልንም። የፍልሰታውን ነገር ቆይቼ አወራችኋለሁ፤ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

እንደኛ ውጭ አገር የሚኖር ሰው «ዕረፍት ወጣሁ» ካለ አገር ቤት ሄደ ማለት ነው። ሻንጣው ከወራት በፊት መሞላት ይጀምራል፤ የአክስት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የእህት ልጅ ጫማ፣ ሰው «አድርሺልኝ» ብሎ የሰጠው የታሸገ ዕቃ። እዚያ ሲደረስ ያልተደረሰ ለቅሶ አለ፣ ያልተጠየቀች አራስ አለች፣ «መጥታ ሳታየኝ ሄደች» የሚል የሩቅ ዘመድ አለ። ደክሞን ሄደን ይበልጥ ደክሞን እንመለሳለን። ማማረሬ አይደለም፤ እናቴ ጎን የማድርባቸውን ሌሊቶች በምንም አልለውጣቸውም። ግን በእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች ውስጥ እኔና ባለቤቴ ለብቻችን ቁጭ ብለን ቡና የጠጣንበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት።

ፍራንክፈርትም ያው ነው። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፣ እሱ ከማለዳ ጀምሮ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፤ ደጃፍ ላይ «ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው»፣ «የመብራቱን ከፍያለሁ» ተባብለን እንለያያለን። ትዳር በብጣሽ ወረቀት ማስታወሻ ብቻ ሊዘልቅ እንደሚችል እኛ ምስክር ነን። ዘንድሮ ግን እሱ ራሱ «አንድ ጊዜ ለሁለታችን ብቻ እንሂድ» አለ። ቃሉን ሳይለውጥ ትኬቱን በዚያው ምሽት አስቆረጥኩት።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ባሕር? ምን ልትሠሩ?» አለች። «ልናርፍ» ስላት፣ «ቤት አይታረፍም?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ግን ሳቋን አቁማ «ልጄ፣ ያ ባሕር እኮ ስንቱን ልጅ የጨረሰ ነው» አለችኝ። ጎረቤቷ በሊቢያ በኩል የወጣ ልጇን ድምፅ እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። ለሐበሻ ሜዲትራኒያን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው መዝናኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በጣሊያኗ ደሴት ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰው ሲያልቅ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። እኛ በአውሮፕላን ያረፍንባት ቆስም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ስንት ሺህ ሰው በጎማ ጀልባ የገባባት ናት፤ ማታ ማታ ከማዶ የቱርክ መብራት ይታያል። ለእማዬ «አውቃለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። ዐባይም ሰው ይወስዳል፣ ምንጩ ላይ ግን ጸበል እንጠመቃለን።

ቆስ የሕክምና አባት የሚባለው የጥንቱ ሐኪም የሂፖክራተስ አገር ናት። ከተማው መሃል «ሥሩ ተቀምጦ ያስተምር ነበር» የሚሉት ግዙፍ ዛፍ አለ። ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የተወለደ፣ ዛፉ ግን 500 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ይህን እያወቀም ፎቶ የማይነሳ የለም፤ እኛም ተነሳን። ልቤን የወሰደው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለው አስክሌፒዮን ነው፤ በሦስት እርከን የተሠራ የጥንት መታከሚያ። በእንዲህ ያለው ስፍራ በሽተኛው ታጥቦ፣ መሥዋዕቱን አቅርቦ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ይተኛ ነበር፤ ፈውሱ በሕልም ይመጣል ተብሎ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ጸበል ቦታ ማደር ማለት አይደል!» አለ። እኔ የሌሊት ሠራተኛ እንቅልፍ መድኃኒት ተብሎ በሚታዘዝበት ዘመን ቀናሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ገብተን እስኪመሽ ተኛን። ባሕር ድረስ ሄዶ መተኛት ብክነት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ሌሊት ሠርታችሁ አታውቁም።

ካሊምኖስ ከቆስ በጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ራቁቱን የቆመ ዓለት የሆነች፣ እርሻ የማይወጣላት፣ ሰዎቿ ከባሕር ሰፍነግ እየለቀሙ የኖሩባት ደሴት። ድሮ ወንዶቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታቅፈው በአንድ ትንፋሽ ይጠልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የጠላቂ ልብስ ከነአየር መሳቢያው ሲመጣ ጥልቅ መውረድና ብዙ መቆየት ተቻለ፤ ገንዘቡም መጣ። ግን ከጥልቁ ቶሎ የሚወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የአየር አረፋ እንደሚፈጠር ያን ጊዜ ማንም አልነገራቸውም። ብዙዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ሽባ ሆኑ። የደሴቷ ሰዎች ለዚህ ጭፈራ አላቸው፤ «ሚሃኒኮስ» ይሉታል። መሪው በከዘራ ተደግፎ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ሊራመድ እየሞከረ ይጨፍራል፤ ከኋላው ያሉት ወጣቶች ተያይዘው ይዘላሉ። አንድ ማታ ወደቡ ላይ አየነው። እኛ ሙሾም አለን ዘፈንም አለን፤ አንድ እግር ላይ ሁለቱን ያስቀመጠ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰፍነጉን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረ በሽታ ክፉኛ ጎዳው፤ አሁን ወደ ደሴቷ የሚጎርፈው ገመድ ታጥቆ ገደል የሚወጣ ቱሪስት ነው።

ሌሮስ ላይ ነፋስ ያዘን። ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ በሰመር እየተነሳ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ሲበረታ የወደብ ኃላፊዎች መርከብ እንዳይወጣ ያግዳሉ። እኔ ባሕር ሲናወጥ ሆዴ የሚገለበጥብኝ ሰው ነኝና እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ላኪ የምትባለውን ከተማ በእግር ዞርናት። ጣሊያኖች እነዚህን ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ሲገዙ ላኪን በ1930ዎቹ ለባሕር ኃይላቸው ብለው ከመሠረቷ ሠሯት፤ ማዕዘናቸው የተድቦለቦለ ሕንፃዎች፣ ሲኒማ ቤት፣ የሰዓት ማማ፣ ለመኪና የማይጠብ ጎዳና። ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ነው። ሲኒማ ቤቱ ፊት ቆሞ «ይኼ የኛው ፒያሳ ነው እኮ!» አለ፤ እውነቱን ነው፣ የጎንደር ፖስታ ቤትና ሲኒማ በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንግሥት የተሠሩ ናቸው። ከዚያች ከተማ ዳር የስደተኞች መጠለያ አለ። በዚያ በኩል ስናልፍ ስልካችንን ኪሳችን ከተትን።

ያን ምሽት መርከብ ስለሌለ፣ የምንሮጥበት ስለሌለ፣ ባለቤቴ ስለ አጎቱ አወራኝ። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ በኋላ ጎንደር ተመልሰው ሱቅ ከፍተው ኖሩ። ቤት ውስጥ ስለ ባሕር አያወሩም፤ ብቻ ልጅ ሳለ ገመድ አስይዘው የመርከበኛ ቋጠሮ ያስተምሩት ነበር። ለካ በየወደቡ መርከቧ ስትጠጋ ሠራተኞቹ ገመድ ሲወረውሩ አፍጥጦ የሚያየው ለዚህ ኖሯል! እኔ የመሰለኝ ሻንጣችንን እየጠበቀ ነበር። ከተጋባን ስንት ዘመናችን፣ ይህን ለመስማት ነፋስ መንፈስ ነበረበት።

አሁን ወደ ፍጥሞ። ስሟን ያልሰማ ከእናንተ ውስጥ አይኖርም፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ተግዞ አቡቀለምሲስን ያየባት ናት። እኔ በልጅነቴ በሰማይና በምድር መካከል ያለች ትመስለኝ ነበር። ወርደን ያየነው ግን አይስክሬም የሚሸጥበት፣ ሕፃናት ብስክሌት የሚነዱበት ስካላ የሚባል ወደብ ነው። ዋሻው ከወደቡ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሆራ በሚወስደው ዳገት መሃል ላይ ይገኛል። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ጠበብ ያለ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ጣሪያው ላይ በሦስት የተከፈለ ስንጥቅ አለ፤ ድምፁ የተሰማው ከዚያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባል ጎድጓዳ በብር ተከቦ ይታያል። ባለቤቴ ድሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ የራእዩን መጀመሪያ በቃሉ በሹክሹክታ ሲወጣው አጠገባችን የነበሩ ግሪካዊት እናት ቋንቋው ሳይገባቸው አማተቡ።

ከላይ ያለው ገዳም እ.ኤ.አ. በ1088 ክሪስቶዱሎስ የተባሉ መነኩሴ በቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ድጋፍ የመሠረቱት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ የባሕር ወንበዴ ዘመን ነበርና ምሽግም ነበር። ከንብረቶቹ መካከል በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም ከተጻፈ ወንጌል የተረፉ 33 የማርቆስ ቅጠሎች አሉ። ዘመነ ማርቆስ ልንገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረን ከዚያ መገኘታችን ለእኔ የአዲስ ዓመት ስጦታ ነበር፤ አጋጣሚ ነው በሉኝ፣ አልከራከርም።

የፍልሰታው ወሬ እዚህ ጋ ነው። ግሪኮችም የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፤ ከኦገስት 1 እስከ 14። ኦገስት 15 በዓላቸው ነው፣ አገሩ በሙሉ ሥራ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ1924 ቋሚ በዓላቱን በአዲሱ አቆጣጠር ስላደረገች፣ እነሱ ሲፈስኩ ለእኛ ገና ነሐሴ 9 ነው። ክፍል ያከራዩን እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ የፍየል ጥብስ በትሪ ይዘው መጡ። «ኦርቶዶክስ ናችሁ አይደል?» አዎ ነን። «ታዲያ ብሉ!» ባለቤቴ በጣቱ ቀን እየቆጠረ፣ ስልኩ ላይ እያስተረጎመ፣ የእኛ በዓል በእነሱ 22 እንደሚውል አስረዳ። ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩንና ጥብሱን ይዘው ወጡ። ተቀየሙን ብለን ስንጨነቅ፣ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ፣ የተቀቀለ ጎመን በሎሚና በወይራ ዘይት፣ ከላዩ ደግሞ የተጠበሰ ኦክቶፐስ ይዘው ተመለሱ። ኦክቶፐስ ደም ስለሌለው ጾም ነው አሉን፤ በእነሱ ሥርዓት ይበላል። ጎመኑን ጠረግነው፣ ኦክቶፐሱን በአክብሮት ለድመቶቹ አሳለፍነው። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም» የሚለውን የየዓመቱን ክርክር እባካችሁ ዛሬ አትቀስቅሱብኝ፤ በዓል ነው።

ጾሙን የፈታነው ሩድ ላይ ነው። ሩድ ሕዝቡ ይበዛል፣ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ዋጋው አይቀመስም፤ አልወደድኳትም። ግንቡን ግን ማየት ነበረብን። የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት የካቶሊክ ወታደር መነኮሳት ከ14ኛው መቶ ዘመን እስከ 1522 ደሴቷን ሲገዙ አለቃቸው የሚኖርበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1856 በባሩድ ፍንዳታ ፈረሰ፣ ጣሊያኖች ከ1937 እስከ 1940 መልሰው ሠሩት። ወለሉ ላይ ከቆስ የመጡ የጥንት ሞዛይኮች አሉ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነኝ በሚልበት፣ አርበኞቻችን በየጫካው በሚዋጉበት ሰዓት እዚህ እብነ በረድ ይነጠፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል እነዚህን ደሴቶች ለግሪክ ሰጠ፣ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ነፃነት አውቃ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ። ባለቤቴ ይህን ሳነብለት ደረጃው ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀምጦ «እንግዲያው ትንሽ አረፍ ልበልበት» አለ። ጥበቃው እስኪያስነሳው ድረስ አረፈበት።

ገንዘቡን ለጠየቃችሁኝ፦ ሆቴል አልያዝንም፣ ሰው ቤት ክፍል ተከራየን። በመርከብ ረጅሙን መንገድ ርካሹን ትኬት ቆርጠን ከላይ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ቆሎና በሶ ከቤት ይዘን ነበር፤ በሶ ለባሕር ሕመም ይሆናል የሚለውን በራሴ ሆድ አረጋግጫለሁ። መሄድ የምታስቡ ካላችሁ በነፋስ የሚበላ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ፣ አውሮፕላናችሁንም ከመጨረሻው መርከብ ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት።

የግድ ግሪክ ይሁን አላልኩም። ሐዋሳም ሐይቅ አለ፣ ማይን ወንዝ ዳርም አግዳሚ ወንበር አለ። ዘንድሮ የምመኝላችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር መርከብ የቀረበት አንድ ምሽት ነው። ብቻችሁን ላላችሁ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳ ወዳጅ፤ ሐዘን ላይ ላላችሁ መጽናናት፤ ልጇን ለምትጠብቀው ለእማዬ ጎረቤትና እንደሷ ላሉ እናቶች ሁሉ የምሥራች።

መልካም አዲስ ዓመት! እኔ ዛሬ ሌሊት ፈረቃ የለኝም፤ ባለቤቴ ሽንኩርቱን ከትፎ ጨርሶ «ዶሮውን ማን ይገነጥለዋል?» እያለ ከኩሽና እየተጣራ ነው፤ ሄድኩ።