ፈርመናል፣ ጣቢያው ግን ገና የእኛ አልነበረም

የሬዲዮ ጣቢያ መግዛት ቤት እንደ መግዛት ይመስለኝ ነበር። ዋጋ ትነጋገራላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ቁልፍ ትቀበላላችሁ። እኛ የፈረምነው ጃንዋሪ ላይ ነው። ቁልፉ እጃችን የገባው ጁን መጨረሻ ላይ። በመሃል ምን ስናደርግ እንደከረምን ልጽፍላችሁ የፈለግኩት፣ አሜሪካ ውስጥ የአየር ሰዓት እየገዛ በአማርኛ ፕሮግራም የሚያሰራጭ ወገን ብዙ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ከመሃላችሁ አንዱ “ለምን ጣቢያውን ራሱን አንገዛም?” ማለቱ አይቀርም።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ያለ የኤ ኤም ጣቢያ ላይ እሁድ እሁድ አንድ ሰዓት እየገዛን ለዓመታት ሠራን። ጣቢያው ትራንስሌተር የሚሉት አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሰራጫም አለው። ባለቤቱ ሽማግሌ አሜሪካዊ ናቸው፣ ልጆቻቸው ሥራውን አልፈለጉትም። አንድ እሁድ ፕሮግራማችንን ጨርሰን ስንወጣ በር ላይ ጠብቀውን “ልሸጠው ነው፣ ከእናንተ የሚቀድም የለም” አሉን። ሦስት ሆነን ገባንበት። እኔ፣ ፕሮግራሙን አብራኝ የምታዘጋጀው ባልደረባዬ፣ እና በዕድሜ የሚበልጡን፣ ጋሼ የምንላቸው ወዳጃችን። ከእቁብም ከቁጠባም አዋጥተን እኩል ልንካፈል ተስማማን።

መጀመሪያ መረዳት የነበረብኝ ነገር ይሄ ነው። ማማውን፣ ትራንስሚተሩን፣ ማይክራፎኑን፣ ወንበሩን መግዛት ይቻላል። አየሩ ግን የማንም ንብረት አይደለም። ሻጩ በእጃቸው ያለው ፈቃድ ብቻ ነው። በ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 310 መሠረት ደግሞ ያ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ አስቀድሞ መርምሮ “ዝውውሩ ለሕዝብ ጥቅም ነው” ብሎ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ የፈረምነው ውል “ኮሚሽኑ ከፈቀደ” የሚል ውል ነበር። ቅድሚያ ክፍያው በሦስተኛ ወገን እጅ ተቀመጠ።

የብሮድካስት ሕግ ብቻ የምትሠራ ጠበቃ ያዝን። ቤት ሲገዛ የሚያግዛችሁን ጠበቃ ለዚህ አትጠቀሙ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁም ቢሆን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ገንዘብ አልነበረም። “ሦስታችሁም ዜጋ ናችሁ?” አለችን።

ጋሼ ግሪን ካርድ ነው ያላቸው። እዚህ አገር ከ20 ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደዋል። በዚህ ሕግ ዓይን ግን የውጭ ዜጋ ናቸው። ፈቃዱን በቀጥታ በሚይዝ ድርጅት ውስጥ የውጭ ዜጎች ድርሻ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከላይ ሌላ እናት ድርጅት ካለ ጣሪያው 25 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ ለመሄድ ኮሚሽኑን ለብቻው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይጠይቃል። የእኛ ክፍፍል ለእያንዳንዳችን 33 በመቶ ገደማ ነበር።

ጋሼ ሲሰሙ ቀለል አድርገው “ምን ችግር አለው፣ የእኔን በእህቴ ስም አድርጉት፣ እሷ ዜጋ ናት” አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ለእኔም ነውር ሆኖ አልታየኝም። በእኛ ዘንድ በዘመድ ስም መኪናም ቤትም ይገዛል፣ መተማመን እስካለ ድረስ ማንም ምንም አይልም። ጠበቃዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማመልከቻው የሚጠይቀው በወረቀት ላይ ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም ውሳኔውም በእውነት የማን እንደሆነ ነው። ፎርሙ ላይ የምንፈርመው እውነት ነው ብለን ነው። በመቶኛው ትንሽ ማለፍ የሚስተካከል ነገር ነው፣ መደበቅ ግን ፈቃዱን ራሱን ሊያሳጣን ይችላል፣ ለፌደራል መሥሪያ ቤት ሐሰት መናገር ደግሞ ወንጀል ነው። “በእህታቸው ስም ካደረጋችሁት እኔ የለሁበትም” አለችን፣ በግልጽ።

መፍትሔው እኔና ባልደረባዬ 40፣ 40 በመቶ፣ ጋሼ 20 በመቶ እንድንይዝ ሆነ። ከድርሻቸው የተረፈው ገንዘብ በጽሑፍ ብድር ሆኖ ተመዘገበ፣ ወለዱና የሚከፈልበት ቀን ቁርጥ ብሎ። አበዳሪ ስለሆኑ ብቻ በፕሮግራምም ሆነ በሠራተኛ ላይ ማዘዝ እንደማይችሉ ተጻፈበት።

ጋሼ አኮረፉ። ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሱም። በኋላ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ከዚያ ቀና ብለው “ገንዘቤ ከእናንተ እኩል ነው ልጄ፣ ስሜ ለምን ያንሳል?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። “ሕጉ ነው ጋሼ፣ እርስዎን አይቶ የወጣ አይደለም” ብቻ አልኳቸው። ፈረሙ። ይህን ውይይት ውል ከመፈረማችን በፊት ብናደርገው ኖሮ ያን ሁሉ ቅሬታ አናይም ነበር። ሽርክና የምታስቡ ሰዎች፣ እባካችሁ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ያሳፍራል ብላችሁ አትለፉት።

ሌላ ያላወቅነው ነገር በሻጩ በኩል መጣ። ከዋጋው ከፊሉን በሦስት ዓመት ልንከፍላቸው ተስማምተን ነበር። እሳቸው “ካልከፈላችሁ ፈቃዱ ወደ እኔ ይመለሳል” የሚል አንቀጽ አስገቡ። ተገቢ ጥያቄ ነው የሚመስለው። ግን አይቻልም። የኮሚሽኑ ደንብ የሸጠ ሰው ፈቃዱ እንዲመለስለት የሚያደርግ መብት እንዲያስቀር አይፈቅድም፣ ፈቃዱን ራሱን ለዕዳ ማስያዝም አይቻልም። ዕቃው ይያዛል፣ የድርጅቱ ድርሻ ይያዛል፣ ጣቢያው ወደፊት ሲሸጥ ከሚገኘው ገንዘብ ላይ መብት ይያዛል። በዚህ አስተካከልነው።

ማመልከቻው ፎርም 314 ይባላል፣ ፈቃድን ከአንድ ባለፈቃድ ወደ ሌላ የሚያዛውረው ነው። ድርጅቱ ሳይቀየር ውስጡ ያለው ባለድርሻ ሲቀየርና ቁጥጥሩ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ 315 ነው። እውነተኛ የቁጥጥር ለውጥ የሌለበት የስም ዝውውር ደግሞ አጭሩ 316። ሁሉም በኢንተርኔት ነው የሚገባው። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ አስገባን። ከዚያ ቆመ።

የቆመው በቀይ መብራት ነው። ስሙ ራሱ እንደዚያ ነው። ከአመልካቾቹ አንዱ ለኮሚሽኑ ያልከፈለው ዕዳ ካለ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ውድቅ ይሆናል። ሽማግሌው ለኮሚሽኑ በየዓመቱ ከሚከፈለው ክፍያ የአንዱን ዓመት ሳይከፍሉ አልፈዋል፣ ቅጣትም ተደምሮበታል። ሆን ብለው አይመስለኝም፣ ሁሉንም ነገር ብቻቸውን ነበር የሚሠሩት። ከፈሉ፣ ግን ማርች መጨረሻ ሆነ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ሁሉ ከመፈረም በፊት በአንድ ጥያቄ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ሻጩ የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ በመመዝገቢያ ቁጥራቸው ገብተው ሁኔታውን አትመው እንዲያሳዩን ማድረግ ብቻ ነበር። የጣቢያውን የሕዝብ ፋይል፣ ማለትም ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበትን መዝገብ፣ ደግሞ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል፣ ከ2018 ጀምሮ የሬዲዮ ጣቢያዎች ፋይል ኢንተርኔት ላይ ነው። እዚያ ውስጥ በየሦስት ወሩ ለአካባቢው ችግሮች ምን ምን ፕሮግራም እንደሠሩ የሚዘረዝር ወረቀት መኖር አለበት። ሁለት ሩብ ዓመት ጎድሎ ያገኘነው ከፈረምን በኋላ ነው።

በዚሁ ጊዜ እኔም አጠፋሁ። ሽማግሌው ደክሟቸው “ከሰኞ ጀምሮ ግቡና አስተዳድሩት፣ ያው የእናንተ ነው” ይሉን ነበር። አልገባንም። ግን አንድ ቀን የማሰራጫው መብራት ሊቆረጥ ነው ሲሉኝ አዘንኩና ከራሴ ካርድ ከፈልኩላቸው። ለጠበቃዋ እንደ ጥሩ ዜና ነገርኳት። ደነገጠች። ኮሚሽኑ ጣቢያውን በእውነት የሚቆጣጠረው ማን ነው ሲል ሦስት ነገር ያያል። ፕሮግራሙን የሚወስነው ማን ነው? ሠራተኛ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ማን ነው? ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው? ፈቃድ ሳይሰጥ እነዚህን መያዝ ያልተፈቀደ ዝውውር ነው፣ ያስቀጣል። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው በቼክ መለሱልኝ፣ ቅጂውን አስቀመጥን። የእሁዱ አንድ ሰዓታችን ግን በቀድሞው ውል ቀጠለ፣ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው እንደሆነ።

ኮሚሽኑ ማመልከቻውን መቀበሉን ሲያስታውቅ ሻጩ ለአድማጮቻቸው በአየር ላይ መናገር አለባቸው። ስድስት ጊዜ፣ በአራት ተከታታይ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ለድርጅታችን የሰጠነው ስም አማርኛ ነው። ቀደም ብለው ደውለው እንዴት እንደሚጠራ ጠየቁኝ፣ ቀስ ብዬ ደጋግሜ አልኩላቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ግሮሰሪ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ሰማሁ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉና አንድ በአንድ ጠሩት፣ “ጸ”ዋ ብቻ “ሰ” ሆነች። እነዚያን 20 ሰከንዶች መቼም አልረሳቸውም።

ከማስታወቂያው በኋላ ለ30 ቀን ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። መደበኛ ተቃውሞ አልመጣም። የከተማው ሰዎች ግን እየደወሉ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ጨዋታ ስርጭት ይቀር ይሆን? ኮሚሽኑ ጣቢያ ምን ዓይነት ፕሮግራም ያሰማ የሚለውን ለገበያው ነው የሚተወው፣ ይህንንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 አጽንቶለታል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ዝውውሩ ይቆማል የሚል ስጋት አልነበረንም። ግን ፈቃዱ ለዚያች ከተማ የተሰጠ ነው። ሰዎቹ ከእኛ በፊት የነበሩ ናቸው። ጨዋታው እንደሚቀጥል በስልክም በአካልም ነገርናቸው፣ ዛሬም አለ።

ኮሚሽኑ ዝውውሩን የፈቀደው ሜይ ላይ ነው። ሽማግሌው በማግስቱ እንድንጨርስ ፈለጉ። ሕጉ አይከለክልም፣ በ90 ቀን ውስጥ መጠናቀቁን ነው የሚፈልገው። ነገር ግን ውሳኔው እንደገና ሊታይ የሚችልበት 40 ቀን አለ፣ በዚያ መሃል ቢሻር የከፈላችሁትን መልሶ ማግኘት ሌላ ጦርነት ነው። ጠበቃዋ ጠብቁ አለች፣ ጠበቅን። ጁን መጨረሻ ላይ ክፍያው ተጠናቀቀ፣ መጠናቀቁን ለኮሚሽኑ አሳወቅን፣ በ30 ቀን ውስጥም ማን ምን ያህል እንደያዘ የሚገልጸውን ፎርም 323 አስገባን። 40፣ 40፣ 20።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ዜግነት ወሰዱ። ቃለ መሐላ ፈጽመው እንደወጡ ከአዳራሹ በር ላይ ሆነው ደወሉልኝ፣ ከኋላቸው የሰው ጫጫታና የሕፃናት ድምፅ ይሰማል። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ሳልጨርስ አቋረጡኝ። “በል አሁን ለጠበቃዋ ደውልላት። ድርሻዬን ስናስተካክል የትኛው ፎርም እንደሆነ ትንገረን፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳትነኩ።”