የፍራንክሊን አባት አገር

ከለንደን እስከ ኖርዝሃምፕተን በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄጄ ኤክተን ገባሁ። ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ናት። ቤቶቿ ቡኒ በሆነ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው።

የመጣሁት ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነውን የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ዘመዶች መቃብር ለማየት ነው። አባቱ ጆሳያ የተወለደው እዚህ ነው። ጨርቅ ማቅለም ተምሮ በ1683 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡን ይዞ ቦስተን ተሻገረ። እዚያ ጨርቅ የሚያስቀልም ሰው ሲያጣ ሻማና ሳሙና ወደ መሥራት ገባ። ኤክተን የቀሩት ዘመዶቹ ግን 12 ሄክታር የምታህል ርስት ነበረቻቸው። ከትውልድ ትውልድም የበኩር ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ይሆን ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የቤንጃሚንን አጎት የቶማስንና የሚስቱን የኤሌኖርን መቃብር አገኘሁ። ቶማስ የሞተው በ1702፣ በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ጥር 6 ቀን ነው። ቤንጃሚን ልክ በአራት ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን ተወለደ።

ፍራንክሊንም እዚሁ ቆሞ ነበር። በ1757 የፔንሲልቬንያን ምክር ቤት ወክሎ ለንደን መጣ። በዓመቱ ልጁን ዊልያምን ይዞ ዘሩን ፍለጋ ወደዚህ ወጣ። ድንጋዮቹን የድንጋይ ሽበት ሸፍኗቸው ጽሑፉ አይነበብም ነበር። የቄሱ ሚስት ጠንካራ ብሩሽና ውሃ አስመጣች። ፒተር ፈገፈገ። ዊልያም ገለበጠ።

ፒተር የፍራንክሊን ባሪያ ነበር። እኔን ከዚያ መቃብር አጠገብ ያቆየኝ ይህ ነው። ዘር መቁጠር በቤታችን ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም እስከ ሰባት ቤት እየቆጠርኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ፍራንክሊን ለምን ያን ያህል እንደለፋ በደንብ ይገባኛል። የሰውን አያት ስም አጥቦ ያወጣው የፒተር አያት ግን እነማን ነበሩ? ፍራንክሊን ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ብሩሹን ሳይቀር አንስቷል። የፒተርን ወላጆች አላነሳም።

አብሯቸው ከአሜሪካ የመጣ ኪንግ የሚባል ሌላ ባሪያም ነበር። እሱ እንግሊዝ ውስጥ ጠፋባቸው። በኋላ ሰፎክ በሚባል አውራጃ ከአንዲት ሴት ቤት ተገኘ። ሴትየዋ ማንበብና መጻፍ፣ ቫዮሊንም እያስተማረችው ነበር።

ፍራንክሊን ባርነት ይቅር የሚል አቤቱታ ለኮንግረስ ፈርሞ የላከው በ1790 ነው። 84 ዓመቱ ነበር፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሞተ። ፒተር መቃብሩን ከፈገፈገ 32 ዓመት ሊሞላው ነበር።