ገንዳው ሲደፈርስ መጀመሪያ ጌጁን እዩ

ውሃው ትንሽ ደፈረሰ ሲባል የመዋኛ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ እንደገና መሙላት በጣም ያናድደኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ ሰው ጀሪካን ይዞ እየተሰለፈ፣ ያን ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ያሳዝናል። ደግሞ ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ውሃው ላይ አይደለም፤ ፓምፑ አጠገብ የቆመው የአሸዋ ማጣሪያ ላይ ነው። እሱን ሳታዩ ውሃ ብትቀይሩ ያው በሳምንቱ መልሶ ይደፈርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ ከላይ ወደ ታንኩ ይገፋዋል፤ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ሲወርድ ቆሻሻውን እዚያው ትቶ ከታች በተዘረጉት ቀጫጭን ስንጥቅ ባላቸው ቱቦዎች በኩል ተመልሶ ይሄዳል። ቆሻሻው በበዛ ቁጥር ውሃው ማለፊያ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ጌጁ፣ ማለትም ታንኩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ፣ የተገጠመው ይህንን እንዲነግራችሁ ነው።

አሸዋው ታጥቦ ንጹሕ በሆነበት ቀን ጌጁ ስንት እንደሚል አንብቡና ታንኩ ላይ በማርከር ጻፉት። ከዚያ ቁጥር ከ0.5 እስከ 0.7 ባር፣ በፒኤስአይ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሲጨምር ባክዎሽ ይደረጋል፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ አሸዋውን እያጠበ ቆሻሻውን ወደ ፍሳሽ ይወስደዋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት አያስፈልግም። በየቀኑ ባክዎሽ የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ ለጥንቃቄ ብለው ነው፣ ግን አሸዋው መሐል የሚቀረው ትንሽ ቆሻሻ ራሱ ደቃቁን ነገር ስለሚይዝ ማጣሪያውን ያደክሙታል እንጂ አያግዙትም። ውሃውም ቀላል አይደለም፤ በሰዓት 10 ሺህ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በ3 ደቂቃ ባክዎሽ 500 ሊትር ይደፋል፣ 25 ጀሪካን ማለት ነው። ፓምፑ ጠፍቶ የጌጁ ቀስት ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ደግሞ ጌጁ ተበላሽቷል፣ አትመኑት፣ ቀይሩት።

ፊልተር፣ ባክዎሽ ወይም ሪንስ እያለ የውሃውን መንገድ የሚመርጠውን የቫልቩን እጀታ ከማዞራችሁ በፊት ፓምፑን አጥፉ። ሁልጊዜ! ፓምፑ እየሠራ እጀታው ከዞረ ውስጡ ያለው ጋስኬት (የጎማ ማሸጊያ) ይቀደዳል ወይም ከቦታው ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ እጀታው ፊልተር ላይ ቢሆንም ውሃው በድብቅ በፍሳሽ መስመሩ ይወጣል። ገንዳው በየቀኑ እየጎደለ ባለቤቱ ግንበኛ ጠርቶ ስንጥቅ እንዲፈልግ ያደርጋል፣ ሴራሚክ ያስነቅላል፣ ጥፋቱ ግን የአንድ ጎማ ነው። ስለዚህ ውሃ ከጎደለ በፊልተር ላይ እያለ የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ሄዳችሁ እዩ፤ የሚንጠባጠብ ወይም የሚፈስ ነገር ካለ ጋስኬቱን አስቀይሩ።

ባክዎሹ በመመልከቻው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ፓምፑን አጥፍታችሁ ወደ ሪንስ (አሸዋውን ያለፈው ውሃ ወደ ፍሳሽ የሚወጣበት ቦታ) አዙሩና ለ30 ሰከንድ ያህል አስነሱት። ይህቺን የሚዘል ሰው የተረፈውን ጭቃ መልሶ ገንዳው ውስጥ ነው የሚጨምረው።

ጌጁ ከወትሮው በታች ከሆነስ? አሸዋውን ተዉት፣ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው። የስኪመሩ (የገንዳው ጠርዝ ላይ ያለው የተንሳፋፊ ቆሻሻ መሳቢያ) ቅርጫት በቅጠል ተሞልቷል፣ ወይም የፓምፑ ቅርጫት፣ ወይም የገንዳው ውሃ ወርዶ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። የፓምፑ ክዳን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ከደረቀም አየር ያስገባል። በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንድ ሰው ሄዶ ይይ፤ ፓምፑ ከገንዳው ውሃ ከፍ ብሎ የተተከለ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ በደረቁ ሊዞር ይችላል፣ ያኔ ዘንጉ ላይ ያለው የውሃ ማሸጊያ (ሲል) ይቃጠላል።

ጌጁ ልክ ሆኖ ውሃው ከደፈረሰ ክሎሪንና ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለኩ። ማጣሪያ አልጌ አይገድልም። ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊ ግራም)፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 መሆን አለበት። እነዚህ ልክ ከሆኑ ታንኩን ከፍታችሁ አሸዋውን በእጃችሁ ንኩት። የፀጉርና የሰውነት ቅባት አሸዋውን አጣብቆ ጓል ያደርገዋል፤ ውሃው በጓሎቹ መሐል መንገድ ከፍቶ ሳይጣራ ያልፋል። አሸዋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲያገለግል መቀየር አለበት። ገንዳው ወለል ላይ፣ ውሃ መግቢያው ፊት ለፊት፣ አሸዋ እየተከመረ ካያችሁ ግን ከታች ካሉት ቱቦዎች አንዱ ተሰብሯል ማለት ነው፤ አሸዋውን በቀስታ እየዛቃችሁ ማውጣት ግድ ነው።

አዲስ አሸዋ ስትሞሉ መጀመሪያ ታንኩን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት፣ አሸዋው ቱቦዎቹ ላይ ወርዶ እንዳይሰብራቸው። መሐል ያለውን ቋሚ ቱቦ አፉን ሸፍኑት። እባካችሁ የግንባታ አሸዋ አታስገቡ። ርካሽ ነው፣ ግን ደቃቁና ሻካራው የተቀላቀለ፣ አፈር ያለበት ነው፤ ደቃቁ በቱቦው ስንጥቅ አልፎ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ አፈሩ ደግሞ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የሚያስፈልገው ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ሲሊካ አሸዋ ነው። ከሞላችሁ በኋላም በቀጥታ ፊልተር ላይ አታድርጉት፤ አቧራው እንዲወጣ መጀመሪያ ባክዎሽ፣ ቀጥሎ ሪንስ፣ ከዚያ ጌጁን አንብባችሁ አዲሱን ቁጥር ታንኩ ላይ ጻፉ።