ወንጌሉ እስኪታደስ ድረስ

የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ቀን ሲቃረብ ሰበካ ጉባኤው «የተማርከው አንተ ነህ፤ የደብራችንን ታሪክ ጻፍልን» አለኝ። ጎጃም ውስጥ ያለችው የልጅነት ደብሬ ክብ ነበረች፤ አሁን ባለ አራት ማዕዘን የብሎኬት ሕንጻ ተተክቶላታል። የድሮዎቹ የጽድ ምሰሶዎች የአጥር ካስማ ሆነው አገኘኋቸው። እሱን ትቼዋለሁ።

ሽማግሌ መጠየቁ ቀላል ነው፤ ቡና ይፈላና ሁሉም ያወራል። ዓመቱን ግን ማንም አይዝም። ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ የተለወጠው በ1946 ነው፣ በ1947 ነው እያሉ ሁለት ቄሶች ሲከራከሩ፣ አንዲት እናት «ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው» ብለው ገላገሉን። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 1947 ሲደመር 7447፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁ፤ ወንጌላዊውን ጠይቁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የደብሩ የብራና ወንጌል ነገር ነው። የገጠር ደብር መዝገብ ቤት አልነበረውም፤ የመሬት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ የሚዋሽ አይኖርም ተብሎ። የደብሩ ንብረት ጠባቂ ቄሰ ገበዙ ገና በመጀመሪያው ቀን ከዕቃ ቤት አውጥተው ገለጡልኝ። ከማቴዎስ በፊት፣ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት፣ «፸፫፻፹፮ ዓመተ ዓለም» ይላል። 5500 ሲቀነስለት 1886 ዓመተ ምሕረት። ከሥሩ ዐሥራ አንድ መስመር፤ መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ እነማን እንደመሰከሩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ላንሳው አባቴ?» ብል «አንሳ ልጄ» ባሉኝ ነበር። እኔ ግን ሥርዓት አዋቂ ልምሰል ብዬ «የፈቃድ ደብዳቤ ይዤ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

ደብዳቤው አራት ወር ፈጀ። ጸሐፊው ሲገኝ ማኅተሙ የለም፤ ማኅተሙ ሲገኝ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። አንድ ጊዜ «ታሪክ» የሚለው «ታሪካዊ» ተብሎ ይታረም ተብሎ ተመለሰልኝ። ምን ልዩነት እንዳለው አሁንም አልገባኝም። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዤ ስደርስ ወንጌሉ ለምረቃው ታድሶ፣ አዲስ ቆዳ ለብሶ ጠበቀኝ። ጠራዡ ያቺን ቅጠል ከሽፋኑ እንጨት ጋር በሙጫ አጣብቋታል፤ ጽሑፉ ወደ እንጨቱ ዞሮ። የቆሸሸውን ገጽ ሸፍኖ ማሳመሩ ነው። በውኃ እናርሰው ያሉም ነበሩ፤ ቀለሙ አብሮ ይለቃል ብዬ ከለከልኩ።

መመሪያው ፈቃድ ይቅደም ይላል። እኔ የምላችሁ፣ ቁልፉን የያዙት አባት ከፈቀዱ እዚያው ቆማችሁ አንሱ፤ ደብዳቤው ይድረስበት።

የምረቃው ባነር «በ1886 የተመሠረተች» ይላል። ያ ጽሑፍ ግን በዚያ ዓመት መሬት እንደተሰጣት እንጂ መቼ እንደተተከለች አይናገርም፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ባነሩ ታትሟል ተባልኩ። በሄድኩ ቁጥር ሽፋኑን ገልጬ ወደ መስኮቱ አዘነብለዋለሁ። በብራናው ጀርባ የአንድ ቀይ ቃል ጥላ ይታያል፤ «ማርያም» ይመስለኛል።