የነጣው አመድ

የሩዝ ገለፈት ሲቃጠል የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል አመድ ይተዋል፤ በአግባቡ የነደደ አመድ ደግሞ ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ሲሊካ፣ ማለትም የተራ አሸዋ ዋና ውህድ ነው። በላቦራቶሪው ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ድርሻ ይህን አመድ አዘጋጅቶ ማስረከብ ነበር። የምትረከበኝ ባልደረባዬ አመዱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አፍልታ ሶዲየም ሲሊኬት ታደርገዋለች፤ ከዚያም ሲሊካው ሰርፋክታንት በሚባል ሳሙና መሰል ውህድ ዙሪያ እንዲረጋ አድርጋ፣ ሰርፋክታንቱን በ550 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አቃጥላ ስታስወጣው፣ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረጉት ኤምሲኤም-41 የተባለው ቁስ ነው፤ የቀዳዳዎቹ ስፋት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ የአንዱ ግራም ጠቅላላ ገጽ ስፋት ግን ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳል።

የአዘገጃጀቱ መመሪያ ግልጽ ነበር፦ ገለፈቱን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማፍላት፣ አሲዱ እስኪለቅ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያም በ650 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ማቃጠል። ከዚህ ሁሉ የሚያሰለቸው እጥበቱ ነበር። አንድ ቀን የጭስ መሳቢያው በሌላ ሥራ ተይዞ ስላገኘሁትና አመዱም ለማግስቱ ስለሚፈለግ፣ እጥበቱን ትቼ ደረቁን ገለፈት እንዳለ እቶን ውስጥ ከተትሁት። የወጣው አመድ ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጥቦች የተረጩበት ነበር። እንዲህ ያለ አመድ ማስረከብ አሳፈረኝና፣ ከሰሉ ያልነደደው ሙቀት ቢያንሰው ነው ብዬ እቶኑን ወደ 950 ዲግሪ ከፍ አደረግሁት። በማግስቱ ያወጣሁት አመድ ከዚያ በፊት ከሠራሁት ሁሉ የነጣ ነበር፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች ፈጽመው ባይጠፉም ተመናምነዋል። በማሰሮው ላይ እንደወትሮው «650 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት» የሚለውን አስቀድሞ የታተመ ምልክት ለጠፍሁበት። በመዝገቤ ላይ ግን ምንም አልጻፍሁም።

ባልደረባዬ ከዚያ አመድ 10 ግራም ወስዳ ስታፈላ፣ ወደ 7 ግራም የሚጠጋው ሳይሟሟ ማጥለያው ወረቀት ላይ ቀረ። ቀድሞ ከአንድ ግራም በታች ነበር የሚተርፋት። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ነው፤ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ የሚደክም ነገር ስለሆነ ጥርጣሬዋ ምክንያት ነበረው። አዲስ ዕቃ ከፈተች፣ የውህዱን ጥንካሬ በቲትሬሽን ለካች፣ የማፍያውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ወደ አራት አራዘመች። አሥር ቀን እንዲህ ሄደ። እኔ ከአጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ላይ እየሠራሁ ሁሉንም እሰማ ነበር፤ የቀየርሁት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ አላሰብሁም ብል ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ መጠየቅን መፍራቴ ነው።

ነገሩን ያወቁት ለብዙ ዓመታት በድንጋይ ከሰል አመድ ላይ የሠሩት አንጋፋዋ ቴክኒሻን ናቸው። የድንጋይ ከሰል አመድ ውስጥ ኳርትዝና ሙላይት የተባሉ ክሪስታሎች ስላሉ በተራ ማፍላት እንደማይበገር ያውቃሉ፤ በማጥለያው ላይ የቀረውን ሲያዩም ይህንኑ አስታወሳቸው። በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ፣ ጥቁሮቹ ነጥቦችም ላያቸው ላይ ሳይሆን ውስጣቸው ተቀብረው ይታያሉ።

«እቶኑን ስንት ላይ አድርገኸው ነበር?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

«950» አልኋቸው።

የአንድ ቁስ አተሞች በሥርዓት መደርደር አለመደርደራቸውን የሚያሳየው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራም ይህንኑ አረጋገጠ። በደንብ የተዘጋጀ አመድ በ22 ዲግሪ (የጨረሩ ማዕዘን እንጂ ሙቀት አይደለም) አካባቢ ሰፊ ጉብታ ብቻ ያሳያል፤ የእኔው ግን በዚያው ስፍራ እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ አወጣ፤ ክሪስቶባላይት የተባለው ክሪስታል የሆነ ሲሊካ ነበር። ገለፈቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በአሲድ ካልወጣ በከፍተኛ ሙቀት ከሲሊካው ጋር ይቀልጣል። ቅላጩም ያልነደደውን ካርቦን ከአየር ይጋርደዋል፣ ሲሊካውንም ወደ ክሪስታልነት ያፋጥነዋል። ሥርዓት ያልያዘ ሲሊካ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቀላሉ ይሟሟል፤ ክሪስታል የሆነው ግን በዚያው ማፍላት እምብዛም አይነካም። እኔ መድኃኒት ያልሁት ሙቀት ራሱ በሽታው ነበር ማለት ነው።

ቴክኒሻኗን ያስቆጣቸው ግን የባከነው አሥር ቀን አልነበረም። ያንን አመድ ክፍት ጠረጴዛ ላይ፣ ተራ የጨርቅ ጭንብል ብቻ አድርጌ በወንፊት ነፍቼው ነበር። ወደ ሳንባ የሚገባ የክሪስቶባላይት ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት መካከል በምድብ 1 አስቀምጦታል። ጠረጴዛውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አስጠረጉኝ፤ ጨርቁንም ሳይደርቅ በከረጢት አሳሰሩኝ።

የተረፈው አመድ አልተጣለም። በድንጋይ ከሰል አመድ እንደሚደረገው፣ 1.2 እጥፍ በሚመዝን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለውሰን በ550 ዲግሪ አቀለጥነውና ውሃ ውስጥ ሟሟ። ይህን በኒኬል ማቅለጫ እንጂ በፖርሴሊን መሥራት አይቻልም፤ ፖርሴሊኑ ራሱ ሲሊኬት ስለሆነ ይበላል። ከዚያ የተገኘው ኤምሲኤም-41 በኤክስሬይ ምርመራው መታየት የሚገባውን ጫፍ በ2 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ አሳየ፤ ይሁን እንጂ የፈጀብን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ሙቀት ሲታሰብ፣ ከቆሻሻ ርካሽ ነገር ሠራን ለማለት አፍ ያስይዛል።

አሁን ምልክት አስቀድሞ አይታተምም፤ እቶኑ ከበረደ በኋላ በእጅ ይጻፋል። ከዚያ አመድ የቀረችው ጥቂት መጠን ግን በተከደነ ማሰሮ መደርደሪያው ላይ አለች። ባልደረባዬ በታተመው 650 ላይ አንድ መስመር አስምራ፣ ከጎኑ በቀይ ቀለም 950 ብላ ጽፋበታለች።