ትንፋሼ ተመልሷል፣ ጅማቴ ገና ነው

ሩጫ አቁመው የቆዩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «የድሮው አቋሜ ይመለሳል?» ይመለሳል። ግን ሁሉም ነገር እኩል አይመለስም፣ ተራ አለው። ቶሎ የሚመጣ አለ፣ ወራት የሚፈጅ አለ፣ ጭራሽ ያልሄደም አለ። ይሄን ሳያውቁ የሚመለሱ ብዙዎች ወይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል ወይ እግራቸውን ይጎዳሉ። ሁለቱም ያሳዝነኛል፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

እኔን ያስቆመኝ ልጅ ነው። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ዱብ ዱቡን በእርምጃ ቀየርኩት፣ እርምጃውም ቀስ በቀስ አጠረ፣ ከዚያ ልጄ ተወለደች፣ ከዚያ አራስ ቤት ገባሁ። እናቴ ከኩታበር መጣችልኝ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ተልባው በየተራ ይቀርባል። ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፣ «ተነሺ» የሚል ሰው የለም። ሰውነቴ የሚፈልገውም እሱን ነበር። አራስ ተኝታ ትጠገን የሚሉት እናቶቻችን ልክ ናቸው።

ሐኪሜ ፈቅዳልኝ እዚህ ደሴ ወዳለው ሆጤ ሜዳ ስወጣ ግን ደነገጥኩ። ከቤታችን ወደ ሜዳው የምትወስድ አጭር ዳገት አለች፣ ኮብልስቶን የተነጠፈባት፣ ድሮ እያወራሁ የምወጣት። ግማሽ ሳልደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። ጉልበቴን ይዤ ቆምኩ። ዘንቢል ይዘው የሚወርዱ እናት «ምነው የኔ እናት፣ አመመሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ደህናም ነበርኩ፣ ትንፋሽ ነው ያጠረኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ ትንፋሽ የት ሄደ?

ብዙ ሰው ሳንባው የደከመ ይመስለዋል። ሳንባ ምንም አልሆነም። መጀመሪያ የሚቀንሰው ደም ነው። ፕላዝማ የሚባለው የደማችን ፈሳሽ ክፍል አዘውትሮ በሚሮጥ ሰው ላይ ይበዛል፣ ሩጫው ሲቆም ደግሞ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ደም ሲያንስ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው መጠን ያንሳል፣ ስለዚህ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ አርፎ የተመለሰ ሰው በድሮው ቀላል ፍጥነት ልቡ የሚደልቀው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ቶሎ የሚሄደው ይሄ ነገር ቶሎም ይመጣል። ከአንድ ሁለት ሳምንት ቀለል ያለ ሩጫ በኋላ ለውጡ ይታወቃችኋል።

ኤድዋርድ ኮይል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 1984 ያሳተመው ጥናት አለ። በደንብ የሠለጠኑ 7 ሰዎችን ልምምድ አስቁመው እስከ 84 ቀን ተከታተሏቸው። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት 7 በመቶ ወረደ። በ56ኛው ቀን 16 በመቶ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ቆመ። እኔን በጣም ያስደሰተኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። በስንት ጊዜ ልምምድ ጡንቻቸው ውስጥ የበዙት ቀጫጭን የደም ሥሮች በነዚያ ሁሉ ሳምንታት አልቀነሱም። ጡንቻ በኦክስጅን ጉልበት እንዲያወጣ የሚያግዙት ኢንዛይሞችም በጣም ቢቀንሱ እንኳ፣ ሠልጥኖ ከማያውቅ ሰው በላይ እንደሆኑ ቆዩ። እንግዲህ ወራት ያረፈ ሯጭ ከዜሮ አይጀምርም ማለት ነው። ዓመታት የሮጣችሁት ሩጫ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ።

የወሊድ ነገር ትንሽ ይለያል። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ወደ ቦታው ይወርዳል፣ በምጡም የሚፈሰው ደም አለ። ላዩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምታጠባ ሴት እንቅልፍ አታገኝም። ስለዚህ ከወሊድ የምትመለስ ሴት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ሁለት ወር ካረፈ ወንድ ጋር ራሷን ማወዳደር የለባትም። እዚህ ላይ ደም ማነስን በጣም አደራ እላለሁ። ዳገት ላይ ከልክ በላይ የሚያደክማችሁ፣ የሚያዞራችሁ ከሆነ ሩጫ ጨምሩ የሚላችሁን ሰው ከመስማት በፊት ደማችሁን ተመርመሩ። ብረት ከሌለ ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ የደም ሴል እንደልብ አይሠራም፣ ያለዚያ ደግሞ ልምምዱ ልፋት ብቻ ይሆናል።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ቡና ላይ አለን። ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ቡና አትጠጡ አልላችሁም፣ ማንስ ይሰማኛል። ምሳ በልታችሁ ወዲያው አቦሉን አትቅዱት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ምስሩ ወይም ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ወይም ብርቱካን ብሉ፣ ብረቱን በደንብ ያስገባዋል። የአይረን ኪኒን የታዘዘላችሁም በቡና እንዳትውጡት።

ሌላው መረሳት የሌለበት ያለንበት ከተማ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የልምምድ ፕሮግራም አብዛኛው ቆላ ላይ ለሚሮጥ ሰው የተጻፈ ነው። እዚያ ያለውን ሰዓት ይዛችሁ ጦሳ ተራራ ሥር ራሳችሁን አታሠቃዩ። እኔ በስልክ ኪሎሜትርና ደቂቃ መቁጠሩን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የምጠቀምበት መለኪያ ወሬ ነው። አብራኝ ከምትሮጠው ጎረቤቴ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻልኩ ልክ ነኝ፣ ወሬው ከተቆራረጠ እርምጃ እንገባለን፣ ዳገት ከሆነ ደግሞ ሳይቆራረጥም እንራመዳለን።

ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ስሄድ ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ 25 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ከፍታው ግን ወደ 1850 ሜትር ይወርዳል። ሜዳማ ነው፣ አየሩ ይሞቃል፣ ትንፋሽ አይቸግርም። ለሚመለስ ሰው በጣም ጥሩ ቦታ ነው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት መውጣት ብቻ ነው። እዚያ ስሮጥ ድሮ የነበርኩትን ሆንኩ ብዬ አሰብኩ። ትንፋሼ እንደ ልብ፣ እግሬ ቀላል፣ ፍጥነት ጨምሪ ጨምሪ ይላል።

አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ የምፈልገውም ይሄን ነው። ደምና ልብ በሳምንታት ይመለሳሉ። ጅማትና አጥንት ግን ቀስተኛ ናቸው፣ ጭነት እስኪለምዱ ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ ትንፋሻችሁ «እችላለሁ» ሲል ተረከዛችሁና ቅልጥማችሁ ገና ዝግጁ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ደክሞት በሚንጠራራበት ሳምንት ሳይሆን ሰውነቱ ቀሎት ደስ ባለው ሳምንት ነው። አብራን ትሮጥ የነበረች ልጅ ቅልጥሟን ያመማት እንደዚህ በጥሩ ስሜት ላይ ሆና ነው፣ እንደገና ለማረፍ ተገደደች።

ቁልቁለት ደግሞ ይብሳል። ሐረጎን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ለትንፋሽ ቀላል ነው፣ መኪናም ሰውም ቁልቁል ነው የሚጎትተው። ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኑ እየተለጠጠ ክብደታችሁን ያቆማል፣ ያልለመደ ጡንቻ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ለሚጀምር ሰው ዳገቱን በእርምጃ መውጣት ቁልቁለቱን በሩጫ ከመውረድ ይሻላል። ሐረጎን በጣም እወደዋለሁ፣ ጉሙ ከታች ሲነሳ የሚታየው ነገር ሌላ ነው፣ ግን ለአሁኑ በሚኒባስ መስኮት ነው የማየው።

ጅማቴን የማጠነክረው ቤት ውስጥ ነው። የበራችን ደረጃ ጫፍ ላይ በእግሬ ጣቶች እቆማለሁ፣ ግድግዳውን በአንድ እጄ እይዛለሁ፣ ተረከዜን በጣም ቀስ አድርጌ ከደረጃው በታች አወርድና መልሼ አነሳለሁ። ቡናው እስኪፈላ ይበቃል። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲለምድ በአንድ እግር። መሣሪያ አይፈልግም፣ ጂም አይፈልግም፣ ልጅ ታቅፋችሁም ትሠሩታላችሁ፣ ክብደቱ እንዲያውም ይጠቅማል፣ ግን መጀመሪያ ሚዛናችሁን እርግጠኛ ሁኑ።

ለወለዱት ብቻ ትንሽ ልጨምር። የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 2019 ያወጡት መመሪያ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ ወደ ሩጫ መመለስን አይመክርም። እስከዚያ እርምጃ አለ። በኦፕሬሽን የወለዳችሁ ሐኪም ሳታዩ አትጀምሩ። ስትሮጡ ሽንት የሚያመልጣችሁ ከሆነ፣ ወይም ከታች ወደ ውጭ የሚገፋ ክብደት ከተሰማችሁ፣ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይሄ ብዙ ሴት ላይ የሚደርስና የሚታከም ነገር ነው፣ ሴቶች ግን አፍረው ዝም ይላሉ፣ ሩጫውንም በዚያው ይተዉታል። ባይተዉት ደስ ይለኛል።

እናቴ ከሩጫ መልስ ልጄን ሳነሳት «የሮጥሽበትን ጡት አትስጫት፣ ወተቱ ይበላሻል» ትለኝ ነበር። መጠነኛ ስፖርት የእናት ወተትን አያበላሽም፣ መጠኑንም አይቀንስም። ነርሷ ስታስረዳት እናቴ ተቀበለች። ከመውጣቴ በፊት አጠባታለሁ፣ ለኔም ይቀለኛል፣ እሷም ትተኛለች። ባለቤቴ ከሱብሂ በኋላ ስለማይተኛ እሱ ይይዛታል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከወለደች በኋላ የሮጠች ሴት ካያችሁ ቤት ልጁን የያዘላት ሰው አለ።

ስለ ደራርቱ ቱሉ ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በፈረንጆቹ 1992 ባርሴሎና ላይ ያገኘችውን ወርቅ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ከዚያ በላይ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር እንደገና ወርቅ ወሰደች፣ ሰዓቷም 30:17.49 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነበር። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ ኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳም አለ፣ ለሁለት ዓመት ያህል በጉዳት ርቆ በ2011 ዴጉ ላይ ሲመለስ 10 ሺውን አቋርጦ ወጣ፣ ያን ቀን አበቃለት ያለው ሰው ብዙ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጠ። እኔና እናንተ እነሱን አይደለንም፣ ግን የሰው ልብና ደም ያው ነው፣ ከእረፍት መልስ ባለው የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ማንም አይለካ።

አሁን እኔ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ከሚለው አልፌ የሆጤን ሜዳ ሳልቆም እዞራለሁ። ያቺን ዳገትም እያወራሁ ወጥቻታለሁ፣ ወላሂ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ፍጥነት ግን አልጀመርኩም። ክረምቱ እስኪያልፍ አልጀምርም፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ለጅማቴም ጊዜው ያስፈልገዋል። እናቴ «አብሽሪ ልጄ፣ መሬቱ የትም አይሄድ» ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶች ሆነን ሆጤ እንገናኛለን። አብዛኞቻችን ከወሊድ የተመለስን ነን፣ በጣም ቀስ ብለን ነው የምንሮጠው። ሻራ ጫማ ካላችሁ ይበቃል። ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ካጣችሁም ይዛችሁ ኑ፣ እየተቀባበልን እንይዛለን።